የዘመድ የተራራ ቤት፣ ኪራይ ወይስ ሎጅ? ለቤተሰብ ዕረፍት የቱን እንምረጥ

ነገሩ ብዙውን ጊዜ በስልክ ይጀምራል። «ቤቱ ባዶውን ነው የተቀመጠው። ልጆቹን ይዛችሁ ውጡና አየር ቀይሩ እንጂ!» ይላል ዘመድ። ተራራ ላይ የእንጨት ቤት አለው። ጠዋት በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ጉሙ ከሸለቆው ሲነሣ የሚያዩበት ዓይነት ቤት። ፎቶም ልኳል። ልጆቹ ፎቶውን አይተው ማን የላይኛው አልጋ ላይ እንደሚተኛ መጣላት ጀምረዋል። እዚህ ከተደረሰ በኋላ «ቆይ አስበንበት» ማለት ይከብዳል።

ግን አስቡበት። እኔና ቤተሰቤ አራቱንም አማራጭ ሞክረናል፦ ዘመድ ራሱ ያለበት የተራራ ቤት፣ ዘመድ ቁልፉን ሰጥቶን ብቻችንን የገባንበት ቤት፣ ተከራይተን የያዝነው ቤት እና ሎጅ። አንዱ ሁልጊዜ ይበልጣል ልላችሁ አልችልም። አንድ ነገር ግን ገብቶኛል። የኪራይ ቤትና የሎጅ ሂሳብ በገንዘብ ይከፈላል። የዘመድ ቤት ሂሳብ የሚከፈለው በይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ደግሞ ደረሰኝ የለውም፤ ምን ያህል እንደከፈላችሁ፣ ምን ያህል እንደቀረባችሁ አታውቁም። ስለዚህ ከመምረጣችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ በአሁኑ ሰዓት በእጃችን ያለው የቱ ነው፣ ገንዘብ ወይስ ትዕግሥት?

«በነጻ» ስንት ነው?

እስቲ ሂሳቡን እንሥራ። የዘመድ ቤት በነጻ ነው ሲባል የሌሊቱ ኪራይ በነጻ ነው ማለት ነው። የተቃጠለው እንጨት ይተካል። ያለቀው ጋዝ ይሞላል። ስጦታ ይያዛል። የመውጫው ቀን ግማሹ በጽዳት ያልቃል፦ አንሶላ ይታጠባል፣ ወለል ይወለወላል፣ ፍሪጅ ይጸዳል። ሎጅ ቢሆን በዚያ ሰዓት ቁርሳችሁን ቀስ ብላችሁ ትበሉ ነበር። የተሰበረ ነገር ካለማ ዕቃውን መተካት ብቻ አይደለም፤ ያንኑ ዓይነት ፈልጎ ማግኘትም አለ። «ኧረ ተዉት» ሲባል ደግሞ ከልብ ይሁን ከአንገት በላይ ሲያብሰለስሉ መክረም አለ።

እኔ የምጠቀምበት ቀላል መለኪያ ይህ ነው። እዚያው አካባቢ ተመሳሳይ ቤት ብትከራዩ የምታወጡትን አስሉ። ከዚያ ላይ ለስጦታ፣ ለማገዶ፣ ለጋዝና ለጽዳት የሚወጣውን ቀንሱ። የቀረው ከአንድ ሌሊት ኪራይ ካነሰ የዘመዱን ቤት ተዉት። ለዚህች ብሎ በይሉኝታ መታሰር አያዋጣም። ለሁለት ሌሊት ጉዞ ብዙ ጊዜ ያንሳል። ለአምስት ሌሊትና ለሰባት ሰው ሲሆን ግን የዘመድ ቤት ሌላውን ሁሉ ይረታል። ሎጅ የሚያስከፍለው በክፍል ነዋ! ሦስት ክፍል ለአምስት ሌሊት ያዛችሁ ማለት የአሥራ አምስት ሌሊት ሂሳብ ከፈላችሁ ማለት ነው።

የይሉኝታውን ዋጋ የተማርኩት በሽንት ቤት ነው። አንዲት ዘመዳችን ቤቷን ሰጠችን። ተራራ ላይ ያሉ ቤቶች ብዙዎቹ ከከተማ ፍሳሽ መስመር ጋር አይገናኙም፤ የራሳቸው ጉድጓድ ነው ያላቸው። ጉድጓዱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በመኝታ ክፍሉ ቁጥር ልክ ነው። እኛ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ሆነን ገባን። ከልጆቹ አንዱ የሕፃን ዋይፕስ እየጠረገ ወደ መቀመጫው ሲወረውር ሰነበተ። ዋይፕስ እንደ ሶፍት አይሟሟም። በአራተኛው ቀን የሆነውን አልነግራችሁም፤ ምግብ ላይ የምታነቡ ትኖራላችሁ። ለማስጠረጊያው ከፈልን፣ ይቅርታም ጠየቅን። ዘመዳችን ቅር ያላት አትመስልም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ቁልፉ ጠፍቷል እየተባለ ነው። ይኸው ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፣ አልተገኘም።

ተከራይተን ቢሆን ኖሮ ያው ጥፋት ከቀብዱ ላይ ተቆርጦ በዚያው ያበቃ ነበር።

ባለቤቱ ይኖራል ወይስ አይኖርም?

ሰው «የዘመድ ቤት» ሲል እንደ አንድ አማራጭ ይቆጥረዋል። ሁለት ናቸው። ልዩነታቸውም በኪራይ ቤትና በሎጅ መካከል ካለው ይሰፋል።

ባለቤቱ እዚያው ካለ ትልቅ ጥቅም አለው። ተራራውን ያውቀዋል። የትኛው ዱካ ለልጅ እንደሚመች፣ ጉም በስንት ሰዓት እንደሚወርድ፣ ምድጃው በየትኛው ንፋስ ጭሱን ወደ ቤት እንደሚመልስ ይነግራችኋል። ይህን ኪራይ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ወረቀት አይነግራችሁም። ልጆች ከአያት፣ ከአጎት፣ ከአክስት ጋር በአንድ ጣራ ሥር ሲያድሩ የሚፈጠረውም ነገር አለ። የእኔ ልጅ እሳት ማንደድ የተማረችው ከአጎቴ ነው። እኔ አላስተማርኳትም፤ እኔማ ክብሪት ሦስት ጊዜ ነው የምጭረው።

በሌላ በኩል ግን የእናንተ ዕረፍት የእሱ መደበኛ ኑሮ ነው። እሱ በ11 ሰዓት ሌሊት ይነሣል፣ ወለሉ የእንጨት ነው፣ እያንዳንዱ እርምጃ ይሰማል። እናንተ ሦስት ሰዓት ጠዋት ድረስ መተኛት ትፈልጋላችሁ፤ እሱ ደግሞ ቁርስ ሠርቶ እየጠበቀ ነው። የእንጨት ቤት ድምፅ አይደብቅም። ባልና ሚስት በሹክሹክታ የተጨቃጨቁት ሁሉ ከግድግዳው ማዶ ይሰማል። ጥፋተኛ የለም። ግን በአራተኛው ቀን ሰው ፊቱ መጥቆር ይጀምራል። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ባለቤቱ ካለ ሦስት ሌሊት ነው ልኬ። ከዚያ በላይ ከቆያችሁ መሐል ላይ አንድ ቀን ሙሉ ከቤት ወጥታችሁ ዋሉ። እናንተም ትተነፍሳላችሁ፣ እሱም ሶፋው ላይ ይጋደማል።

ሌላው ሊታይ የሚገባው የሻወሩ ጉዳይ ነው። አልጋ ይቆጠራል፣ ሙቅ ውሃ ግን ማንም አይቆጥርም። አንድ የተለመደ ሻወር በደቂቃ ከ8 እስከ 10 ሊትር ያፈሳል። አሥር ደቂቃ የሚታጠብ ጎረምሳ ካላችሁ 80 ሊትር በላይ ሄደ ማለት ነው። የዘመዳችሁ ቦይለር 80 ሊትር ከሆነ፣ ሙቁ ከቀዝቃዛው ጋር ቢደባለቅም ሦስተኛው ሰው በብርድ መጮኹ አይቀርም። ያ ሦስተኛ ሰው ደግሞ የቤቱ ባለቤት እንዳይሆን።

ቁልፉን ተቀብላችሁ ብቻችሁን የምትገቡ ከሆነ የሰው ጣጣ ይቀንሳል፣ የቤቱ ጣጣ ይጨምራል። ቤቱን ማንም አይመራላችሁም። ዋናው የመብራት ብሬከር የት ነው? ውሃው የሚከፈተው ከየት ነው? የምድጃው ጭስ ማውጫ መዝጊያ ወደ የት ሲዞር ነው የሚከፈተው? «ስትደርሱ ደውሉ፣ እነግራችኋለሁ» ይላችኋል። ደርሳችሁ ስታዩ ኔትወርክ የለም። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ባለቤቱ ቤቱን እየዞረ አጭር ቪዲዮ ቀርጾ እንዲልክላችሁ ለምኑት። ስልካችሁ ላይ አውርዳችሁ ያዙት። ይሉኝታ የሚባለውን እዚህ ላይ ጣሉት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።

ተዘግቶ የከረመ ቤት

ይህን ለብቻው ማንሣት ያስፈለገኝ የዘመድ ቤት ከኪራይ ቤት የሚለይበት ትልቁ ነጥብ እዚህ ስለሆነ ነው። የሚከራይ ቤት ባለፈው ሳምንት ሰው ነበረበት። የዘመዳችሁ ቤት ደግሞ ምናልባት ለስድስት ወር አልተከፈተም።

መጀመሪያ አይጥ። ተዘግቶ የከረመ የተራራ ቤት ውስጥ የአይጥ ኩስ ማግኘት ብርቅ አይደለም። መጥረጊያ አንሥቶ መጥረግ ግን ትልቅ ስሕተት ነው። አንዳንድ አይጦች ሃንታ የሚባለውን ቫይረስ ይይዛሉ፤ በሽታው ብዙ ጊዜ ወደ ሰው የሚደርሰው ኩሱና ሽንቱ ደርቆ አቧራው ሲቦን በመተንፈስ ነው። በርና መስኮቱን ከፍታችሁ ለ30 ደቂቃ ያህል ውጭ ቆዩ። ጓንት አድርጉ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ኩሱ ላይ እርጩ፣ አምስት ደቂቃ ይራስ፣ ከዚያ በሶፍት ጠርጋችሁ ጣሉት። ልጆቹ ይህ ሁሉ ሲሆን መኪና ውስጥ ይቆዩ። ያጉረመርሙ፣ ችግር የለውም።

ቀጥሎ እሳት። የእንጨት ምድጃ ያለው ቤት ፎቶ ላይ ያምራል። ማገዶው ከ20 በመቶ በላይ እርጥበት ካለው ግን ከሙቀቱ ጭሱ ይበልጣል፤ ጭስ ማውጫው ውስጥ የሚለጠፈው ጥቀርሻም ተከማችቶ እሳት ሊይዝ ይችላል። ባለቤቱን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ እንጨቱ መቼ ተፈለጠ? ጭስ ማውጫውስ መቼ ተጠረገ? «እ... የዛሬ ስንት ዓመት» ካላችሁ ምድጃውን አትለኩሱት፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ያዙ።

ከሁሉ የምፈራው ካርቦን ሞኖክሳይድን ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ከዚያ ይገድላል። ተራራ ላይ ደግሞ ሰው ራስ ምታቱን የከፍታው ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ከሰል ወይም የጋዝ ምድጃ ለማሞቂያ ብላችሁ መኝታ ቤት አታስገቡ። ጄኔሬተር ከቤት ራቅ ብሎ ውጭ ይሁን። በባትሪ የሚሠራ ጠቋሚ መሣሪያ ይሸጣል፣ ትንሽ ነው፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። እኔ የዘመድ ቤትም፣ የኪራይ ቤትም፣ ሎጅም ስሄድ ይዤው ነው የምሄደው። ሚስቴ መጀመሪያ ላይ ትስቅብኝ ነበር። አሁን ቦርሳው ውስጥ የምትከተው እሷ ናት።

ውሃውም ይታሰብበት። ከምንጭ ወይም ከጉድጓድ የሚመጣ ከሆነ አፍልታችሁ ጠጡ፤ መፍላት ከጀመረ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ሦስት ደቂቃ። ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በዝቅተኛ ሙቀት ነውና። 3,000 ሜትር ላይ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል። ጥራጥሬ ለማብሰል ያሰበ ሰው ካለ በጊዜ ይጣድ።

ከፍታው ስንት ነው?

ይህን ጥያቄ ማንም ዘመዱን አይጠይቅም። ሁሉም «ስንት አልጋ አለው?» ነው የሚለው። እኔ ግን አማራጮችን ሳወዳድር ከዋጋ ቀጥሎ የማየው ከፍታውን ነው። ምክንያቱም የዘመድ ቤት ያለበት ቦታ ነው ያለው፤ አትመርጡትም። ኪራይና ሎጅ ስትፈልጉ ግን ዝቅ ያለውን መምረጥ ትችላላችሁ።

በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከምትኖሩበት ቦታ 1,500 ሜትር ከፍ ካለ አሥር ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል ማለት ነው። እንደዚያም ሆኖ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ የቆዳ አቃጣዩ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርድ ስለሆነ ፀሐይ አይመታንም ብለው የወጡ ልጆች ማታ አፍንጫቸው እየተላጠ ይመለሳሉ።

ከ2,500 ሜትር በላይ ማደር ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከዝቅተኛ ቦታ በአንድ ቀን የወጣ ሰው በደረሰ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ሊይዘው ይችላል። ትንሽ ልጅ ራሴን አመመኝ ብሎ አይነግራችሁም፤ ይነጫነጫል፣ ምግብ እምቢ ይላል። የሚሻለው መንገድ ላይ ዝቅ ባለ ቦታ አንድ ሌሊት አድሮ መውጣት ነው። ሕመሙ ከባሰ፣ በተለይ ሰው መንገዳገድ፣ መዘባረቅ ወይም ተቀምጦ እንኳ ትንፋሽ ማጣት ከጀመረ፣ መድኃኒቱ መውረድ ነው። በሌሊትም ቢሆን መውረድ።

እዚህ ላይ ሎጅ ያሸንፋል፤ ብዙዎቹ ሰው ስላላቸው ሌሊት የምታንኳኩት በር አለ። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር ወይም ጨቅላ ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ የምትወጡት መጀመሪያ ሐኪማችሁን አማክሩ። ዘመድ ምን ይለኝ ብሎ አያትን 3,000 ሜትር ላይ ማሳደር ልክ አይደለም።

ኪራይ ቤት፦ የመናደድ መብት

ኪራይ ቤት የምወደው በአንድ ምክንያት ነው። ሲከፋኝ እናገራለሁ። ቦይለሩ ካልሠራ እደውላለሁ። ፍራሹ ከረጠበ ይቀየርልኝ እላለሁ። ልጆቹ ሲሯሯጡ «ቀስ በሉ፣ የሰው ቤት ነው!» እያልኩ አልውልም። መናደድ የሚቻልበት ዕረፍት ራሱ ያዝናናል።

ጉዳቱ ፎቶው ነው። ሰባት ሰው ይይዛል የተባለው ቤት ሲደርሱ አራት አልጋና ሦስት ሶፋ ይሆናል። ስለዚህ የመኝታ ክፍል ቁጥር ሳይሆን የእውነተኛ አልጋ ቁጥር ጠይቁ። ማሞቂያው በየክፍሉ ነው ወይስ ሳሎን ብቻ? ቦታው ካርታ ላይ የት ነው? መንገዱ ተዘግቶ ወይም ልጅ ታሞ ብንቀር ቀብዱ ይመለሳል? የመጨረሻውን በጽሑፍ ያዙ። ተራራ ላይ አየሩ የራሱ ሐሳብ አለው።

ሌላው ጉዳት ወረፋው ነው። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ሰሞን ጥሩ ጥሩው ቀድሞ ይያዛል። የዘመድ ቤት እዚህ ላይ ይበልጣል፤ ቢያንስ በሰሞኑ ዋጋ አይጨምርም። ግን እንዳትሸወዱ፤ ቤቱ የሁሉም ዘመድ ነው። እናንተ ስትደርሱ የሌላው ወንድም ልጆች ጓዛቸውን ሲያራግፉ ልታገኙ ትችላላችሁ። ቀኑን ከባለቤቱ ጋር ብቻ አትነጋገሩ። ቁልፍ ያለው ሁሉ ይስማ።

ሎጅ

ስለ ሎጅ ብዙ የምለው የለኝም። ለአንድና ለሁለት ሌሊት፣ ሕፃን ወይም አረጋዊ ላለበት ቤተሰብ፣ ወይም ሳምንቱን ሙሉ ስታበስል ለከረመች እናት ከእሱ የተሻለ የለም። ይመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይከፈላል፣ ይሄዳል። ከዚያ በላይ ሲቆይ ግን ይሰለቻል። ተራራ ላይ ጀምበር ስትጠልቅ ብርዱ ወዲያው ነው የሚመጣው። ልጆቹ ከሁለት ሰዓት ማታ በኋላ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀርቅረው አልጋ ላይ ሲዘሉ ያመሻሉ። ወላጅ ደግሞ መብራት አጥፍቶ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ስልክ ሲነካካ ያመሻል። ከራሴ ነው የማወራው።

መንገዱ

ሎጆች አብዛኛውን ጊዜ መኪና ያለ ጭንቅ የሚደርስበት ቦታ ነው የሚሠሩት። የዘመድ ቤት ደግሞ «ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ» ነው። ይቺ «ትንሽ» መለካት አለባት። ስንት ኪሎ ሜትር ነው? አፈር ነው ወይስ ድንጋይ? ሲዘንብ አነስተኛ የቤት መኪና ይወጣል? ባለቤቱ በጂፕ የሚመላለስ ከሆነ «መንገዱ ጥሩ ነው» ማለቱን ለብቻው አትመኑ።

ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌላት የቤንዚን መኪና በየ300 ሜትር ከፍታው ከጉልበቷ 3 በመቶ ያህል ታጣለች። ሰባት ሰውና ሻንጣ ጭና 3,000 ሜትር ስትወጣ ከጉልበቷ ከሩብ በላይ አጥታለች። ስትወርዱ ፍሬን ረግጣችሁ አትዝለቁ፤ ሲግል አይዝም። በከባድ ማርሽ፣ በሁለተኛ ወይም በአንደኛ፣ ሞተሩ እየያዛት ትውረድ። ለሕፃን ጆሮ ሲደፈን የሚጠባው ነገር ስጡት፤ ሲውጥ ይከፈትለታል። የምትደርሱት በብርሃን ይሁን። የማታውቁትን ቤት ብሬከር በጨለማ፣ በዝናብ፣ ልጅ እያለቀሰ ፈልጉና ታዩታላችሁ።

እኔ ብሆን

ሁለት ትንንሽ ልጆችና ሁለት ሌሊት ብቻ ካላችሁ ሎጅ ያዙ። ዘመዱን በመንገዳችሁ ለምሳ ጎብኙት፤ ደስ ይለዋል፣ አንሶላም አያጥብም።

ልጆቹ ከፍ ከፍ ካሉ፣ አምስት ቀን ካላችሁ፣ ባለቤቱም ቁልፉን ሰጥቶ የሚቀር ከሆነ፣ የዘመድ ቤቱን ውሰዱ። ግን እንጨት መፍለጥ፣ ውሃ መቅዳት፣ የአይጥ ኩስ ማጽዳት የማይደብረው ቢያንስ አንድ አዋቂ ከመሐላችሁ ይኑር። ያ ሰው ከሌለ ኪራይ ይሻላችኋል።

አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ተሰብስቦ ከሆነ እኔ የምመርጠው ብዙ ሰው የማያስበውን ነው፦ ከዘመዱ ቤት አጠገብ ሌላ ቤት መከራየት። ቀን ቀን አንድ ላይ ነን። እሳቱም፣ ጨዋታውም እሱ በረንዳ ላይ ነው። ማታ እያንዳንዱ ወደ ማደሪያው። ገንዘብ ያስወጣል፣ እውነት ነው። ግን ካየኋቸው የዘመድ ጉዞዎች ሁሉ ሰው ሲሰነባበት «በሚቀጥለው ዓመትስ?» ብሎ የጠየቀው በዚህኛው ነው።

መብረቅ የሚበዛበት ወቅት ከሆነ የትኛውም ቤት ቢሆን የእግር ጉዞውን በጠዋት ጨርሱ። ተራራ ላይ ነጎድጓድ ከሰዓት በኋላ ነው የሚወደው። ከሰማችሁት ቤት ግቡ፤ የመጨረሻው ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ። ይህ ከምርጫው ጋር አይገናኝም፣ ግን ሳልለው ብቀር ይቆጨኛል።

የዘመዱን ቤት ከመረጣችሁ ስትገቡ እያንዳንዱን ክፍል ፎቶ አንሡ። ስትወጡ ወንበሩም፣ ምንጣፉም፣ የማንኪያው መሳቢያም እንደ ፎቶው ይመለስ። ማገዶውን ካገኛችሁት በላይ አድርጉት። የተሰበረውን ነገር ባለቤቱ ከማየቱ በፊት እናንተ ንገሩት፣ በዚያው ቀን።

ካልመረጣችሁት ደግሞ እምቢታውን አታዘግዩት። ዘመድ የሚያዝነው በእምቢታው አይደለም፣ ሳምንት ሙሉ ፍራሽ ሲያሰጣ ከርሞ በመጨረሻው ቀን ሲቀሩበት ነው። ምክንያት መደርደርም አያስፈልግም። እኔ ባለፈው ለአጎቴ የላክሁት ይህን ነበር፦ «አጎቴ፣ እግዜር ይስጥልን። ዘንድሮ ሕፃን ስለያዝን እታች ሎጅ ልናድር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ግን እርስዎ ጋ ነን፣ እሳቱን እንዳያነዱት፣ ልጅቷ ናት የምታነደው።» መልሱ በሁለት ደቂቃ መጣ። «ክብሪት ይዛችሁ ኑ፣ አልቋል» ይላል።